የኤችኤስፒ 90 አልፋ መለኪያ ኪት፦ ኪቱ ጎበዝ፣ መመሪያው ሰነፍ

ኪቱን ያስገዛሁት የካንሰር ሴሎች ወደ ውጭ የሚለቁትን ኤችኤስፒ 90 አልፋ ለመለካት ነው። ፕሮቲኑ ቻፐሮን ከሚባሉት ወገን ነው፤ እኔ «ሞግዚት» ነው የምለው። ሴል ውስጥ ሌሎች ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን እንዲይዙ ሲደግፍ ይውላል። ካንሰር ግን ሞግዚቱን ደጅ ያወጣዋል። ደጅ ላይ ከሚያግዛቸው አንዱ ኤምኤምፒ 2 ነው፤ በሴሎች መካከል ያለውን ድርና ማግ እየቆራረጠ ለካንሰሩ መንገድ የሚጠርግ ኢንዛይም።

በልኬቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን (ፕሌት) ነው፤ ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፣ የተያዘው በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይደምቃል። ሰማያዊው ቀለም በአሲድ ወደ ቢጫ ሲለወጥ በ450 ናኖሜትር ይነበባል። አንዱን ናሙና ሁለት ቦታ ስጨምረው ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ናቸው።

ያናደደኝ መመሪያው ነው። ስለ ናሙና አዘገጃጀት ያለው ሁለት መስመር ብቻ! በመጀመሪያው ፕሌት ሴል ያልነካው ባዶ ሚድያ (ሴሎች የሚያድጉበት ፈሳሽ) ራሱ ቢጫ ሆኖ አረፈው። ለካ ሚድያው ውስጥ ሴሎቹን የሚመግብ 10 በመቶ የከብት ሴረም (የደም ፈሳሽ ክፍል) አለ፤ የከብት ኤችኤስፒ 90 ደግሞ ከሰው ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል አንቲቦዲው አልለየውም። ሴረሙን አስወግጄ ሴሎቹን 48 ሰዓት አቆየኋቸው። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። እየፈነጠዝኩ ለአለቃዬ ሳሳየው «ኤልዲኤች ለክተሻል?» አለኝ። አልለካሁም ነበር። ኤልዲኤች የሴል ሽፋን ሲቀደድ የሚፈስ ኢንዛይም ነው፤ ስለካው ሞልቷል። ለካስ ሴሎቼ ሞግዚቱን አልለቀቁትም፤ በረሃብ ሞተው ነው የፈሰሰው። ኪቱ የተለቀቀውንና የፈሰሰውን አይለይም፣ ሊለይም አይችልም፤ መመሪያው ግን ይህን ማስጠንቀቅ ነበረበት። ቆይታውን ወደ 16 ሰዓት ሳሳጥረው ኤልዲኤች ወረደ፣ የኤችኤስፒ ቁጥሬም አብሮት አሽቆለቆለ። የቀረው ትንሽ ቢሆንም የምተማመንበት ነው።

ደግሞ ፕሮቲኑ ከሴል እንደሚወጡት ሌሎች ፕሮቲኖች የመውጫ ምልክት የለውም። ከፊሉ ኤክሶሶም በሚባሉ፣ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር በሚሆኑ ከረጢቶች ተጭኖ ነው የሚወጣው። ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አንቲቦዲው አያገኘውም፤ ከረጢቱን የሚከፍት ጥቂት ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ነገር) ስጨምር ንባቡ ከፍ አለ። ስለዚህስ ምን ይላሉ ብዬ ለሻጩ ጻፍኩ። የላኩልኝ መልስ ያንኑ መመሪያ ነው።

ሁለተኛ ካርቶን አዝዣለሁ። ክዳኑ ላይ በማርከር «መጀመሪያ ኤልዲኤች» ብዬ ጽፌበታለሁ።