በፖስታ የሚመጣው የምራቅ ዲኤንኤ ኪት ለኢኦኢ ይሆናል? ከ5 ኮከብ 2

የካምፓኒውን ስም አልጠራም። ልጄ ኢኦኢ አለበት፣ ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይቲስ የሚሉት የምግብ ቧንቧ መቆጣት ማለት ነው፣ ጥብስ ሲበላ ደረቱ ላይ ይቆምበትና በላይ በላዩ ውሃ ይጠጣል፣ ዘመድ ሁሉ ጨጓራ ነው ሲለው ከረመ። ኪቱን ያዘዝኩት ለታናሽ እህቱ ነው፣ እሷንም ይይዛት ይሆን ብዬ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ምራቅ እስከ መስመሩ መትፋት፣ መክደን፣ መላክ፣ ሪዞልቱም ቶሎ መጣ። ግን «ወተት፦ ተጠንቀቂ» ብሎ በቢጫ የጻፈው የላክቶስን ጂን አይቶ ነው! እሱ ሆድ የሚነፋበት ጉዳይ ነው፣ በኢኦኢ ጣጣው የወተቱ ስኳር ሳይሆን ፕሮቲኑ ነው ወገን።

ከኢኦኢ ጋር ስማቸው የሚነሳው ጂኖች ክሮሞዞም 5 ላይ ያለው ቲኤስኤልፒ እና ክሮሞዞም 2 ላይ ያለው ካፕን14 ናቸው፣ ካፕን14 በብዛት የሚሠራው እዛው የምግብ ቧንቧ ላይ ነው፣ ኢንተርሊውኪን 13 የሚባለው መልእክተኛ ሲቀሰቅሰው የቧንቧውን ሽፋን ያላላዋል፣ ያው ኢንተርሊውኪን 13 ደግሞ ኢዮታክሲን 3 የሚባል ጠሪ ኬሚካል እንዲመረት አድርጎ ኢዮሲኖፊሎቹን (በአለርጂ ጊዜ የሚበዙ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው) ከደም ይጠራቸዋል። ኪቱ ስለነዚህ አንድ መስመር የለውም፣ ቢኖረውም ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ይይዛታል አይሉም፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት መንትዮች እንኳን አንዱ ታሞ ሌላው ደህና የሚሆንበት አለ።

ቁርጡን የሚናገረው ኢንዶስኮፒ ነው፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ማየት ማለት ነው፣ ከቧንቧው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ አንድ እይታ ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል ሲገኝ፣ ሌላ ምክንያት አለመኖሩም ታይቶ። የቆዳ አለርጂ ምርመራም የትኛው ምግብ እንደሆነ በደንብ አይለይም፣ ምግቡን አቁሞ ድጋሚ ማየት ነው ያለው። (ስንዴ ላቆማችሁ፣ እዚህ አሜሪካ ሱቅ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ንጹህ ጤፍ እንዳይመስላችሁ፣ ጠይቁ።) መድኃኒቱ ዱፒክሰንትም የኢንተርሊውኪን 4 እና 13ን መልእክት ነው የሚዘጋው፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2022 ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉት፣ በ2024 ደግሞ ከ1 ዓመት ጀምሮ ክብደታቸው ቢያንስ 15 ኪሎ ለሆኑ ልጆች ፈቅዶታል፣ እና ማንም ሐኪም እሱን ለማዘዝ የምራቅ ሪፖርት አምጪ አይልሽም።

2ቱ ኮከብ ለፍጥነቱ ነው። ካፕን14ን ታያላችሁ ወይ ብዬ ለከስተመር ሰርቪስ ብጽፍላቸው የግሉተን ፍሪ ብስኩት ኩፖን ላኩልኝ።