የአማርኛው ውክፔዲያ ወይስ የእንግሊዝኛው?

ስለ ዐድዋ ጦርነት ሳነብ ሁለቱንም ጎን ለጎን እከፍታለሁ። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የግርጌ ምንጮቹ ብዙ ናቸው፤ ማን መቼ ምን እንደቀየረም የለውጥ ታሪኩን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ይህ በአማርኛውም አለ፤ ግን አርታዒዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ የገባ ስህተት ሳይታረም ሊከርም ይችላል። ያሳዝነኛል።

ቢሆንም ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ሐሰት በእንግሊዝኛው ላይ ለአራት ወር ያህል ቆይቷል።

ቀን ላይ በተለይ እጠነቀቃለሁ። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዝኛው 1896 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አቆጣጠሩን ሳያይ የገለበጠ ተማሪ ግን ስምንት ዓመት ያዛባል።

እኔ ለጦር ስልቱና ለሠራዊቱ ቁጥር የእንግሊዝኛውን ይዤ፣ ምንጩን ራሱን ፈልጌ አነባለሁ። ለስምና ለማዕረግ ግን ወደ አማርኛው እመለሳለሁ፤ «ራስ መኮንን» በላቲን ፊደል አንዴ በ«ማ»፣ አንዴ በ«መ» እየጀመረ ያምታታኛል።