ሦስት ሰው ሠራሽ ጡት ሞክሬ የዳጉሳው ይሻለኛል

ሰው ስለ ስልክ፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ዛሬ ስለ ጡት ልጽፍ ነው። ስለ ሰው ሠራሹ። ቀኝ ጡቴ ከተነሳ ወዲህ ሦስት ዓይነት ሞክሬአለሁ። አንዱን በነጻ አገኘሁት፣ አንዱ ከዱባይ መጣልኝ፣ አንዱን እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንዲት ልብስ ሰፊ ሠራችልኝ። ያኔ "የትኛው ይሻላል?" ብዬ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነበር። ከእኔ በኋላ ለምትመጣው ልንገር ብዬ ነው። እፍረቴን እንደሆነ ባሕር ዳር ጥዬው መጥቻለሁ።

መጀመሪያ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ጥር 2014፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ አንድ ነገር እጄ ላይ ገባ። የደረቀች ሽምብራ የምታህል። ስጫናት አታምም፣ ስገፋት አትንሸራተትም። አለማመሟ ደስ አለኝ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። የማያም ነገር ሁሉ ደህና ይመስለን የለ? የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙ ይቅር። ሰውዬው በልብሴ ላይ ነካ ነካ አደረገና "የወተት እጢ ነው" ብሎ አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። የመጨረሻው ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ የምን ወተት? አልጠየቅኩም። አሥር ቀን ዋጥኩ። ሽምብራዋ ባቄላ ሆነች። እናቴ ጠበል አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ "ብረት ካስነካሽው ይበተናል" አለችኝ። ጠበሉን ሄድኩ፣ አልጸጸትም። የብረቱን ወሬ ማመኔ ግን ሁለት ወር በላብኝ። ኋላ ዶክተሯ ስታስረዳኝ፣ የሚያሰራጨው መዘግየት እንጅ ቢላ አይደለም። ብዙው ሰው ቢላው ጋ የሚደርሰው ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ ነው ጥፋቱ ለቢላው የሚተርፈው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሪፈር አጻፍኩ። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ነው። ቡሬ፣ ኮሶበር፣ ዳንግላ፣ ዱርቤቴ፣ መራዊ እያልኩ ስቆጥር ደረስኩ። አልትራሳውንዱ አያምም፤ የሚቀባው ነገር ይቀዘቅዛል፣ በቃ። የልጅቷ እጅ አንድ ቦታ ላይ ሲመላለስ ግን ነገሩ ገባኝ። 2.4 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ አደንዝዘው በወፍራም መርፌ ቁራጭ ናሙና ወሰዱ። መርፌው ሲተኮስ እንደ ስቴፕለር ቀጭ ይላል፤ ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ያስደነግጣል። ውጤቱ ካንሰር። በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት።

ግንቦት ላይ ጡቴ ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ከብብቴ ሥር ያሉት ንፍፊቶችም ወጥተው ተመረመሩ፤ ንጹሕ ናቸው ተባለ። ስለዚህ ጨረር ቀረልኝ። አጠገቤ የተኛችው የደጋ ዳሞት ሴት ግን ዓመት ሙሉ በነጠላ ሸፍና የኖረች ነች። ሐኪም ጋ ስትደርስ ጡቷ ቆስሎ ነበር። ለቀዶ የበቃችው ለወራት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወስዳ እብጠቱ ከቀነሰላት በኋላ ነው፤ ከዚያም ጨረር ይጠብቃታል። እሷ ዓመት ያቆየችው፣ እኔ ሁለት ወር። ደረጃችን የተለያየው በዚያች ብቻ ነው ማለት አልችልም፣ ካንሰርም እንደ ሰው ጠባዩ ይለያያል። ግን ማታ ማታ አስበው ነበር።

የመጀመሪያውን ጡት የሰጠችኝ እሷ ነች። ፈትል ትፈትላለች፤ ሆስፒታልም ባዘቶዋን ይዛ ነው የመጣችው። የልጅ ካልሲ ውስጥ ባዘቶ ጠቅጥቃ፣ አፉን በመርፌ ሰፍታ፣ "እንኪ፣ ለመንገዱ ይሆንሻል" አለችኝ። ዋጋ፦ ምርቃት።

ስለ ባዘቶው እውነቱን ልናገር። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከእሱ የተሻለ የለም። ቁስሉ ገና ነው፣ ቦታው ያበጠ ነው፣ ከባድ ነገር አይችልም። ባዘቶ አይጫንም፣ አይፈትግም፣ ይታጠባል። ችግሩ የመጣው ትምህርት ሲከፈት ነው። ክብደት የለው! ሰሌዳ ላይ እጄን አንስቼ ስጽፍ ጡቴ አብሮ ይነሳል። አንድ ቀን ስሌቱን ጨርሼ ስዞር የፊት ወንበሯ ልጅ ሹራቧን ወደ ታች ሳብ ሳብ እያደረገች ታየኛለች። የራሷ ሹራብ ምንም አልሆነም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ባዘቶው አንገቴ ሥር ደርሷል። ያችን ልጅ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ስለ ሰሌዳው አንድ ነገር ልጨምር። ንፍፊት የወጣለት ሰው ክንዱ ይተሳሰራል። የታዘዘልኝ እንቅስቃሴ ጣትን ግድግዳ ላይ እንደ ጉንዳን ማስወጣት ነበር። እኔ በጠመኔ አደረግኩት። መስከረም ላይ ከሰሌዳው መሀል በላይ መጻፍ አልችልም ነበር። ለገና ቀኑን ከላይ ጥግ ጻፍኩ። በዚያ ክንድ ግን የደም ግፊት አልለካም፣ ጀሪካንም አልሸከምም፤ ሊያብጥ ይችላልና።

ክረምቱን በኬሞ ነው ያሳለፍኩት። በየ21 ቀኑ፣ አራት ዙር። አንደኛው መድኃኒት ቀይ ነው፤ ሁላችንም "ቀዩ" ነው የምንለው። ሽንትን ያቀላል። ነርሷ ቀድማ ባትነግረኝ ደም መስሎኝ አብድ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ጸጉሬ በእፍኝ ወጣ፤ ተላጨሁት። እዚህ ሰፈር ሴት ራሷን ከተላጨች ሐዘን ነው። "ማን ሞተብሽ?" ያለኝ ሰው ብዛቱ! አንዷማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። አፌ ስለቆሰለ በርበሬ ቀረ፤ ድንች አልጫ እስኪሰለቸኝ በላሁ። ይህችን ግን ያዙልኝ፦ ኬሞ ላይ ሆናችሁ ትኩሳት 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፣ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት የለም። አሁን የቀረኝ ታሞክሲፈን ነው፤ ሆርሞኑ ካንሰሩን እንዳያሳድግ የሚያግድ ኪኒን። በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ለአምስት ዓመት። ሰውነቴን ድንገት እሳት ይለቅበታል፣ ሌላ ችግር አላየሁበትም።

እሳቱን ያነሳሁት ለሁለተኛው ጡት ነው። እህቴ ከዱባይ የላከችው ሲሊኮን። ዋጋው ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ሳጥኑን ስከፍት አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ቅርጹ፣ ልስላሴው፣ ክብደቱ፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ቀለሙ የፈረንጅ መሆኑን ትቼ። ለሠርግ፣ ለፎቶ፣ ለቀሚስ ከእሱ የሚስተካከል የለም። ግን ኪስ ያለው ጡት መያዣ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ እዚህ አይሸጥም። በላዩ ላይ ያልባል። ታሞክሲፈኑ ከውስጥ፣ ሲሊኮኑ ከውጭ። አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ላቤ ወገቤ ድረስ ይወርዳል።

መጨረሻው ደግሞ አያምርም። ለቅሶ ቤት ልሄድ ስል ነጠላዬን በመርፌ ቁልፍ ደረቴ ላይ ያዝኩ። ያው እንደ ድሮው። ባዶ ጎኔ ላይ ስለሆነ አልተሰማኝም። ማታ ሳወልቅ እንደ ማር የሚዝለገለግ ነገር ልብሴ ላይ ተጣብቋል። ከወር ደመወዝ በላይ፣ በአንድ የመርፌ ቁልፍ።

እህቴን "ሌላ ላኪ" ማለት አልቻልኩም። ታዲያ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ? ለራሴ ልሥራው አልኩ። መጀመሪያ የቀረውን ጡቴን ክብደት ማወቅ አለብኝ። ሚዛን ላይ አይቀመጥ። አርኪሜዲስ ትዝ አለኝ። ባልዲ እስከ አፉ ውኃ ሞላሁ፣ ከሥሩ ሳፋ አስቀመጥኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ጎንበስ ብዬ ነከርኩት። ሳፋው ውስጥ የፈሰሰውን ውኃ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሰፈርኩት። አንድ ሙሉ ሃይላንድ፣ ከሁለተኛው ደግሞ ከሩብ በታች። 600 ሚሊ ሊትር ገደማ። የጡት ሥጋ ከውኃ ብዙም ስለማይርቅ 600 ግራም ያዝኩት። ልጄ በሩን እያንኳኳ "እማ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" ይላል። ምን ልበለው?

ሚዛኑ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ አንድ ጎን ብቻ ሲከብድ ትከሻ ይዘማል፣ ጀርባም ያማል። በባዘቶው ጊዜ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ገበያው ጀርባ ወዳለችው ልብስ ሰፊ ሄድኩ።

"እታለም፣ ጡት ትሰፊልኛለሽ?"

"ጡት መያዣ ነው ቲቸር?"

"አይ፣ ጡቱን።"

ሲንጀሯን አቆመች። ደረቴን አየችው። ምንም አላለችም፣ ተነስታ በሩን ዘጋች። "ሙሊቱን አንቺ አምጪ፣ ሌላውን ለእኔ ተይው" አለችኝ።

ሙሊቱ ዳጉሳ ነው። ጤፍ ይደቅቃል፣ ከስፌት ያመልጣል። ሽምብራ ይቆረቁራል። ዳጉሳ ድቡልቡል ነው፣ ስትንቀሳቀሱ አብሮ ይፈሳል፣ ስትቆሙ ወደ ታች ይሰበሰባል። ነቀዝም አይደፍረውም፤ ጎጆ ውስጥ ዓመታት የሚቀመጥ እህል ነው። የእታለም ሥራ የውስጡ ከረጢት አቡጀዲ ነው፣ ሁለት ጊዜ የተሰፋ። የውጩ ልብስ ከለስላሳ ቲሸርት፣ የሚወልቅና የሚታጠብ። ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ወደ ብብት በኩል ጅራት አለው። ጠባሳው ላይ እህሉ እንዳይጫን ከኋላ በኩል ስስ ባዘቶ ደረበችበት፤ ይኼ የራሷ ሐሳብ ነው። ሁለት ቀለበት ሰፍታ ከማንገቻው ጋር አያያዘችው። ለሁለት ጡት መያዣዬም ኪስ አበጀችላቸው። በጠቅላላው 400 ብር።

እንከን አለው። የመጀመሪያውን ስትሠራ ጥቅጥቅ አድርጋ ሞልታው ኳስ ሆነብኝ፤ መለስኩላት። "ነገ" ካለች ከነገ ወዲያ ማለት ነው። መለኪያ ቦታዋ አንድ አጭር መጋረጃ ስለሆነች እግራችሁ ይታያል። ዳጉሳው ድንገት ስትዞሩ ሽሽሽ ይላል፤ ጸጥ ባለ ፈተና ክፍል ውስጥ እኔ እሰማዋለሁ፣ ሌላ ሰው ግን እስካሁን አልሰማም። ዝናብ ከመታው ቶሎ ማድረቅ ነው፣ አለዚያ ይበቅላል። ቁስሉ ያልደረቀ ወይም ጨረር ላይ ያለች ሴት አትሞክረው፤ ለእሷ ባዘቶው ይሻላታል።

አንድ ያላሰብኩት ጥቅም ግን ሰጠኝ። እታለም "ያኔ እንዴት ነው ያወቅሽው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዳጉሳው ውስጥ አንድ ሽምብራ ጨመርኩና "በይ ፈልጊያት" አልኳት። በሦስቱ ጣቶች ሆድ፣ እያሽከረከሩ፣ መጀመሪያ ቀለል፣ ቀጥሎ ጫን፣ ከዚያ ጠለቅ አድርጎ፣ ብብትን ሳይረሱ። የወር አበባ ያላት ሴት፣ ካየች ከሳምንት በኋላ ታድርገው፣ ጡት ያን ጊዜ ልል ነው። አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ስታገኛት ደነገጠች። "እንዲህ ናት?" አለችኝ። እንዲህ ናት። አሁን መምህራን ማረፊያ ውስጥም እሷኑ ጡት ነው የማዞረው። ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሰረጎድ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ደም ሲያወጣ፣ እነዚህን ደግሞ በዓይን ነው። ወንዶቹ መምህራን ሲስቁ፣ እናንተም ይይዛችኋል እላቸዋለሁ። ብዙ ባይሆንም ይይዛቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ እህሉን ልቀይር ብዬ ከረጢቱን ተርትሬ ዳጉሳውን ሰፌድ ላይ አድርጌ ልብሱን ሳጥብ፣ የአከራዬ ዶሮዎች ጡቴን ለቅመው ጨረሱት። ገበያ ወጣሁ። ነጋዴው "600 ግራም? ለጠላ አይበቃሽ፣ ለእንጀራ አይበቃሽ፣ ለምንሽ ነው?" አለኝ።

"ለጡቴ ነው" አልኩት።

ሳቀ። ቀልድ መስሎት አንድ እፍኝ ምራቂ ጨመረልኝ። መለስኩለት። ሚዛኑ ይዛነፋል።