የግቢ መንገድ ማሠራት ለምታስቡ፦ ይህን ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ዛሬ አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው። ከውጭ በሩ እስከ ቤት፣ ከቤት ደግሞ እስከ ጓሮ አትክልቱ ድረስ የኮብልስቶን መንገድ አንጥፎልናል። ሥራው እንዳለቀ ያልጻፍኩት ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፍ ማየት ስለፈለግኩ ነው። ክረምቱ አለፈ። መንገዱ ንቅንቅ አላለም።

የእኛ ግቢ አፈር ዋልካ ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ላዩ ላይ የተሠራውን ሁሉ ይዞ ይነሳል፣ ይዞ ይወርዳል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው አፈሩ ላይ በቀጥታ ሊሾ ሠርቶልን ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ። እናቴ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ከዚያ ወዲህ ጓሮ መውጣት ፈራች። ጤና አዳሟንና ጎመኗን ሌላ ሰው ሲንከባከብላት ማየት ለእሷ ትልቅ ቅጣት ነበር።

ይህ ልጅ መጀመሪያ ሲመጣ ስለ ድንጋይ አላወራም። የጠየቀኝ ስለ ውሃ ነው። የጣራው ውሃ የት ይወርዳል? ከጎረቤት የሚገባ አለ? የሚያቁረው የት ጋ ነው? ከዚያ እናቴን «እማማ፣ እስቲ በሚመችዎት በኩል ወደ ጓሮ ይሂዱልኝ» አላት። እሷ የሄደችበትን ተከትሎ በኖራ አሰመረ። አቮካዶው ጋ ሲደርስ ግን ራቅ ብሎ ዞረ፤ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ያነሳዋል አለ። ስፋቱን አንድ ሜትር ያደረገው እሷን ደግፎ የሚሄድ ሰው ጎን ለጎን እንዲሄድ ብሎ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ከድንጋዩ በታች ያለው ሥራ ነው። ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር ባለበት የመሙያ አፈር፣ ተካው። ገረጋንቲውን አንዴ ገልብጦ አልሞላም። በስሱ እየደለደለ፣ ውሃ እያርከፈከፈ፣ ድርብ በድርብ ጠቀጠቀው። ጠርዙን በሁለቱም በኩል በሲሚንቶ አሰረ፤ ጠርዝ ካልታሰረ ድንጋዩ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይሸሻል። ከዚያ አሸዋ፣ ከአሸዋው በላይ ድንጋዩ። ክር ወጥሮ፣ በውሃ ልክ እየለካ፣ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አትክልቱ እንዲያዘነብል አደረገ። መጨረሻ ላይ ደረቅ አሸዋ ነስንሶ በመጥረጊያ እየገፋ ክፍተቱን ሞላ። በሲሚንቶ አለመሙላቱን ያየ ጎረቤት ሥራው ያላለቀ መስሎት ነበር። አሁን ዝናቡ በድንጋዮቹ መካከል ሲሰርግ፣ የተረፈው ደግሞ ወደ ጎመኑ ሲወርድ እናያለን።

የዚህ አሠራር ጥቅም በቅርቡ ይበልጥ ገባኝ። ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ደወልኩለት፣ መጣ። ጥቂት ድንጋዮች ነቅሎ፣ ቧንቧው ሲጠገን መልሶ ጠቅጥቆ አነጠፋቸው። የቱ ጋ እንደተነሳ አሁን ብትፈልጉ አታገኙትም። ገንዘብ ስሰጠው አልቀበልም አለ።

ሙያውን የተማረው የከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በኮብልስቶን መነጠፍ በጀመሩበት ጊዜ ነው። ያኔ ብዙ ወጣት ተደራጅቶ ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ ለመደ። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» እያለ የሚያጣጥል ሰውም አልጠፋም ነበር። እኔ ይህን አባባል ያኔም አልወደድኩትም፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ያናድደኛል። ፊቱ ያልተስተካከለ ድንጋይ ሲያገኝ አገላብጦ አይቶ፣ በመዶሻ ሁለቴ ነካ አድርጎ ልክ ሲያስገባው ላየ ሰው ይህ ትልቅ ሙያ ነው።

ዋጋውን በካሬ ነው የሚያስበው። ርካሽ አይደለም። ከእሱ ያነሰ የጠሩልኝ ነበሩ፤ ቁፋሮውንና ገረጋንቲውን ግን አላካተቱም። ማንንም ስታናግሩ «ከሥሩ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእቃ መግዣውን ደረሰኝ ሳልጠይቀው እየሰጠኝ ነው የሠራው፤ የተረፈውን አሸዋም እዚያው ግቢ ከምሮልን ሄደ። ወረፋው ግን ይረዝማል። ክረምት ከገባ ደግሞ ቁፋሮ አይጀምርም፤ የራሰ ዋልካ ላይ የተጠቀጠቀ አይጸናም ይላል። ስለዚህ የምትፈልጉ ከአሁኑ አናግሩት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ እናቴ በየጠዋቱ ያለማንም ድጋፍ ጓሮ እየወጣች ነው። እጅህ ይባረክ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ፤ ፈቅዶልኛል። ሥራውን በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉም ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በሉ፣ እናቴ ራሷ ታስጎበኛችኋለች።