አዛዥ ኃላፊ ወይስ አገልጋይ መሪ?

ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ እየሆነች ነው። ከመንዝ ወይም ከአንኮበር የመጣ ወጣት ሥራ ሲጀምር የድርጅቱን ጠባይ የሚያውቀው በክፍል ኃላፊው በኩል ነው።

አዛዡ ኃላፊ ፈጣን ነው። እሳት ሲነሳ ወይም ማሽን ሰው ሊጎዳ ሲል «አጥፋ!» ብሎ የሚያዝ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ችግሩ የዘወትሩንም ሥራ በዚያው ድምፅ ሲመራው ነው። ማሽኑ ክር የሚበጥስበት ሠራተኛ ቁጣውን ፈርቶ ዝም ይላል፤ ጉድለቱም የሚታወቀው ብርድ ልብሱ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ነው።

አሜሪካዊው የአመራር ጸሐፊ ሮበርት ግሪንሊፍ በ1970 እ.ኤ.አ. የአገልጋይ መሪነትን ሐሳብ፣ ማለትም መሪ ከሁሉ አስቀድሞ ተመሪዎቹን ያገለግላል የሚለውን፣ ሲያቀርብ መለኪያውን በተመሪዎቹ ላይ አደረገው፦ እንደ ሰው አድገዋል ወይ? ይበልጥ ነጻና አስተዋይ ሆነዋል ወይ? ከአገልጋይ መሪ እሴቶች ሁሉ እኔ ማዳመጥን አስቀድማለሁ። እንዲህ ያለው መሪ ጠዋት ማሽኑ ዘንድ ሄዶ «ምን አስቸገረህ?» ይላል፤ መለዋወጫውን ያስመጣል፤ ማታ ተመልሶ መሥራቱን ያያል። ርኅራኄም፣ ሰውን ማሳደግም፣ የድርጅቱን ንብረት በአደራ መያዝም እዚያው ይታያሉ።

ይህ ልል መሆን አይደለም። አርፋጅ ይገሠጻል፤ ነገር ግን ለብቻው ተጠርቶ፣ ምክንያቱም ተጠይቆ ነው። ጊዜ መውሰዱ እውነት ነው።

አዲስ ሠራተኛ ለሚያሠለጥን ድርጅት ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለማጅ በሚፈራው ሰው ፊት አይጠይቅም፣ ካልጠየቀም ሙያው አይገባውም። ለአደጋ ጊዜ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር አስቀድሞ መለማመድ ይቻላል።