ቮልሴና የበግ ሱፍ ቅባት፦ ከ15 ወርና ከሁለት ክረምት በኋላ

ቮልሴን የወረስኳት ከአባቴ ነው። እ.ኤ.አ. የ1971 ስሪት፣ ባለ 1300 ሞተር ናት። መሀል ከተማ ስኖር ዝገት እምብዛም አያስጨንቀኝም ነበር። ሱሉልታ ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የተቀየረው። የጎጃም መንገድ አስፋልት ስለሆነ ችግር የለበትም። ጣጣው ያለው ከአስፋልቱ ወርጄ እስከ ቤቴ ባለው መንገድ ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ውሃ ያቁራል። ጥቁሩ ጭቃ ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ) ውስጥ ገብቶ እንደ ምርጊት ይለጠፋል። ላዩ ደርቆ እንኳ ውስጡ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ላሜራ የሚበላው ይሄ እርጥበት ነው።

ቮልስ በተወለደችበት በጀርመን ክረምት ማለት በረዶ ነው። በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው ደግሞ ዝገትን ያፋጥናል። ስለዚህ እዚያ አሮጌ መኪና የሚወዱ ብዙ ሰዎች ክረምት ሲገባ መኪናቸውን ጋራዥ ውስጥ ያቆማሉ። እኛ ጋ ጨው የለም። እኔ ግን መኪናዬን ሦስት አራት ወር ማቆም አልችልም። በየቀኑ ፒያሳ ደርሼ የምመለሰው በእሷ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ከሥር ካትራሜ (ሬንጅ) አስቀባሁ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ሲያዩት የሚያኮራ። ሁለት ዓመት ልቤ አርፎ ነዳሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ፊት ያለው ምንጣፍ ረጥቦ አገኘሁት። ሰፈራችን ያሉ አዛውንት ባትላሜራ ዘንድ ወሰድኳት። ከሥር ገብተው በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ካትራሜው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከውስጡ የወጣው ላሜራ አይደለም፣ ቡናማ ዱቄት ነው።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የቀረው ቆዳው ብቻ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከላይ ምንም አይታይም ነበር እኮ።»

«እሱማ ሸፍኖት ነዋ!»

ካትራሜ ሲደርቅ ይጠነክራል። ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን መውጫ የለውም። ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ከውስጥ እየገፋ ያነሳዋል። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ የምጠብቀው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱን ነበር። ወለሉ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። የአባቴን መኪና እንደዚያ ተገንጥላ ሳያት ያዘንኩትን አልረሳውም።

የላኖሊን ቅባት የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ውጭ አገር ያለች እህቴ በጭነት ከላከችው ዕቃ ጋር ጨምራ 4 ሊትር ሰደደችልኝ። ላኖሊን ከበግ ሱፍ የሚገኝ ቅባት ነው። በጉ ዝናብ ሲዘንብበት ሱፉ ውሃ እንዳይመጥ የሚረዳው እሱ ነው። ብረት ላይ ሲረጭ አይደርቅም። ለስላሳ ሆኖ ይቀመጣል፣ በብየዳና በላሜራ መገጣጠሚያ መሀል ቀስ እያለ ይገባል፣ ቢጫር እንኳ መልሶ ይሸፍናል። ከካትራሜ የሚለየው ዋናው ነገር ግን ውስጡን የሚያሳይ መሆኑ ነው። ከሥሩ ያለውን ብረት አይደብቅም።

የቀባሁት ግንቦት 2016 ነው። መጀመሪያ ጭቃውን በደንብ አሳጥቤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቆምኳት። በሽቦ ብሩሽ የላላውን ዝገት ፈገፈግኩ። ሥራ ማለት እሱ ነው፣ መርጨቱማ ቀላል ነው። ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ተዋስኩ። የሱሉልታ ጠዋት ስለሚበርድ ቅባቱ ወፍሮ አልወጣ አለኝ። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሳቆየው ቀጠነ። የፍሬን ታምቡሮቹንና ማርሚታውን በፌስታል ሸፈንኩ። ፍሬን ላይ ቅባት ማለት አደጋ ማለት ነው። ጎማ ነክ ነገሮችንም ተጠንቀቁ። ላኖሊን የተፈጥሮ ጎማን ሊያሳብጥ ይችላል። 3 ሊትር ገደማ ጨረስኩ።

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ቮልስ ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ቱቦ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጣ ነው። ዝገት በጣም የሚወደው ቦታ ስለሆነ ውስጡን አጥለቀለቅኩት። ከዚያ ጠዋት መስታወቱን ጉም ሲሸፍነው ማሞቂያውን ስከፍት እርጥብ በግ መኪናው ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ልጄ ራሷን አመማት። ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ወር ያህል ፈጀ። እናንተ ከውጭ በኩል ብቻ ቀቡት።

አሁን ወደ ውጤቱ። ባለፈው ሳምንት፣ ነሐሴ 2017 መሆኑ ነው፣ የኋላ ወንበሩን አንስቼ ባትሪውን አወጣሁ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከወንበሩ ሥር ስለሚቀመጥ አሲድና እርጥበት ተባብረው መጀመሪያ የሚበሱት እዚያ ነው። አዲሱ ላሜራ ላይ ቀጭን፣ ማር የመሰለ ሽፋን አለ። በአውራ ጣቴ ስጠርገው ከሥሩ ያለው ብረት ንጹሕ ነው። የብየዳው መስመር ላይ አንዲት የዝገት ነጥብ አላገኘሁም። ወለሉ ከሥርም እንደዚያው ነው። የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ፣ ውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ አጠገብ፣ ቅባቱ አሁንም በጣት ይያዛል።

ፓራፋንጎ ውስጥ ግን አልሠራም። ጎማው የሚወረውረው ጭቃና ጠጠር በመጀመሪያው ክረምት ነሐሴ ሳያልቅ ጠርጎ ወስዶታል። ግንቦት 2017 ላይ እነዚያን ቦታዎች ብቻ ደግሜ ቀባሁ፤ ዘንድሮም ያው ሆነ። በጋ ላይ ደግሞ የሱሉልታ አቧራ ይለጠፍበታል። ያስጠላል፣ ግን አይጎዳም።

ላቫጆ ስሄድ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ከታጠበች በኋላ ሥሯን ናፍጣ እንዳይረጩብኝ። ለክፋት አይደለም፣ ብዙ ደንበኛ ስለሚፈልገው ነው። ናፍጣ ግን ላኖሊኑን አሟሙቶ ያወርደዋል፣ ጎማውንም ይጎዳል። የውሃውንም ግፊት ቀነስ አድርጉልኝ እላለሁ።

ለማን ይሆናል? በየዓመቱ ከክረምት በፊት አንድ ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ለመተኛት ፈቃደኛ ለሆነ ሰው በጣም ጥሩ ነው። አንዴ ቀብቼ ልርሳው ለሚል አይሆንም። ቀድሞ የተበሳ ላሜራንም አይመልስም፣ መጀመሪያ ብየዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን መጠበቅ ግዴታ ሆኗል።

አሁን የቀረችኝ ግማሽ ሊትር ናት። መስቀል አልፎ ፀሐይ ጠንከር ሲል የፊት ፓራፋንጎዎቹን አጥቤ፣ አድርቄ እቀባቸዋለሁ።