ደሴ ላይ የከዳችኝ የትኩሳት መለኪያ

ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። እንደ ሽጉጥ ግንባር ላይ የምትደገነዋ፣ በኮሮና ጊዜ በየባንኩ በር የምናውቃት ናት። ፒያሳ ካለ አንድ የሕክምና ዕቃ መሸጫ 2,200 ብር ከፈልኩባት። የሁለት ዓመቱ ልጄ ብብቱን ማስነካት አይወድም። ሻጩም "አብሽር ወንድሜ፣ እንደተኛ በአንድ ሰከንድ ትለካዋለህ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለካሁት። ጥቅምትና ኅዳር 36.5፣ 36.7 እያለች በሰላም ከረመች። አንድ ጠዋት ብቻ 97.9 ብላ ባለቤቴን አስጩኻታለች። ለካ ልጁ ቁልፉን ነካክቶ ወደ ፋራናይት ቀይሯት ነው።

ከዚያ የታኅሣሥ ውርጭ መጣ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ያቃስታል። መለኪያዋን ከመስኮቱ ደፍ አንስቼ ደገንኩ። 35.1። ደገምኩ። 34.9። "ትኩሳት የለውም" ብዬ አወጅኩ። አማቴ መልስ አልሰጡኝም። ብድግ ብለው የእጃቸውን ጀርባ አንገቱ ሥር፣ ከዚያ ሆዱ ላይ አሳረፉ። "አንተ፣ ልጁ እኮ እሳት ሆኗል! ይች የያዝካት ነገር ብርዱን ነው የምትለካ!"

ባለቤቴ ከመሳቢያ ውስጥ የ200 ብሯን የብብት መለኪያ አወጣች። ልጁ እየጮኸ ብብቱ ውስጥ ሻጥ አደረገችለት። ጢጥ ስትል አየናት፤ 38.9።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳፈርኩ አልነግራችሁም።

ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሲስተሯም በብብት ለካችው። በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት ነው አለችን። ግን በቁጥሩ ብቻ አላበቃችም። "ይጠጣል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል? አንቀጥቅጦት ነበር?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ ሸሚዙን ገለጥ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሳል ካለበት ደግሞ የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ዓመት ላልሞላው፣ ከሁለት ወር በላይ ላለው፣ መነሻው 50 ነው። የልጄ 34 ሆነ። ጉንፋን ነበር። እኔ 2,200 ብር አውጥቼ ያላወቅኩትን እሷ በእጅ ሰዓት አወቀችው።

ቤት ስመለስ ከካርቶኑ ውስጥ መመሪያውን ፈልጌ አነበብኩ። ፊደሉ ከጤፍ ያነሰ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ከ15 እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ነው ይላል። ከሌላ ቦታ ከመጣ ደግሞ 30 ደቂቃ ክፍሉን ይልመድ ይላል። ወንድሜ ሻጩ፣ በታኅሣሥ ሌሊት 15 ዲግሪ ያለው የደሴ ቤት የትኛው ነው? "መስኮት ላይ ለምን አስቀመጥካት?" ትለኝ ይሆናል። እና ጋቢዬ ውስጥ አቅፌያት ልደር? እሱም አይሆንም፤ ሞቃ ወጥታ ብርድ ውስጥ ብትገባም ትሳሳታለች። በዚያ ላይ የምታነበው ከግንባር ቆዳ የሚወጣውን ሙቀት ነው። ትኩሳት ሽቅብ ሲል የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ውስጡ እየነደደ ግንባሩ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይህንን እየሸጥክልኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ግንቦት ላይ እህቴ ኮምቦልቻ ወልዳ ልንጠይቃት ሄድን። መለኪያዋን የያዝኳት በእልህ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሙቀት ውስጥ ስንገባ ሰው ሆነች! ግማሽ ሰዓት አስቀምጬ ልጄን ብለካው 36.6 አለች። የብብቷም 36.6። ለካ ሞቅ ያለ አገር ስትገባ ጨዋ ናት።

እህቴ ይህን አይታ "እስቲ ሕፃኑንም ለካልኝ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። ገና የሦስት ሳምንት ጨቅላ ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን 37.5 ከደረሰ ቤት አይጠበቅም። ከ35.5 በታች ከወረደም ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፤ ሁለቱም በቀጥታ ወደ ሐኪም ናቸው። እንግዲህ እኔ ቤት በዚያ ሌሊት 34.9 ያለችው መሣሪያ ለሕፃኑ እንዲህ ብትል ምን ይባላል? ብርዱ ነው ብለን እንቀመጥ ወይስ ይዘነው እንሩጥ? ለእህቴ የብብቷን ትቼላት ተመለስኩ። ለእኛ ሌላ ገዛን።

ልጄ አሁንም ብብቱን ሲነኩት ይጮኻል። ይጩህ። ሽጉጧን ለመጫወቻ ሰጥቼዋለሁ፤ ድመቷንም የቡና ጀበናውንም ይደግንባቸዋል፣ ግን ቁጥር አታወጣም። ሁለቱን ቀጫጭን ባትሪዎቿን ለቴሌቪዥኑ ሪሞት አድርጌያቸዋለሁ።